«ለቀቀኝ» ካሉ በኋላ ሳንባዎ ውስጥ የሚቀረው

አስም ሲያፍን የአየር ቧንቧን በአቧራና በቁጣ ብቻ ሳይሆን በጭመቃም ያቆስላል። ከሰሊጥ ማሳ እስከ ቡና ረከቦት ድረስ ቤተሰብዎን ከዚህ ቁስል እንዴት ይጠብቃሉ?

መስከረም ሲጋመስ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሚወርደው ሰው ይበረክታል። ሰሊጥ ደርሷል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልታጨደ የፍሬው ከረጢት ይከፈትና ምርቱ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳውም፣ ነዶ ማሰሩም፣ ማከማቸቱም በጥድፊያ ነው። የቆመው ነዶ ከደረቀ በኋላ ሸራ ላይ ተገልብጦ በዱላ ይመታል፣ ቀጥሎም በነፋስ ይዘራል። ያኔ የሚነሳው አቧራ ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ያነጣል፤ ማታ አፍንጫ ሲጠረግ ጥቁር ይወጣል።

ለጤነኛ ሳንባ ይህ የአንድ ወቅት ድካም ነው። አስም ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊት ደረቱ ይጨመቃል፤ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ተኝቶ መተንፈስ ስለሚያቅተው ተቀምጦ ያነጋል። ጠዋት ላይ ወይ በራሱ ይቀለዋል፣ ወይ ፓፍ ይነፋና ይተነፍሳል። ጓደኞቹ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» ይላቸዋል፤ ዱላውን አንስቶም ወደ ነዶው ይመለሳል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህች «ለቀቀኝ» በምትባል ቃል ላይ ነው። እውነት ለቀቀው? ሳይንስ ባለፉት ዓመታት ያገኘው መልስ እርስዎም ሆኑ አስም ያለበት ልጅዎ፣ እናትዎ ወይም ሠራተኛዎ መድኃኒቱን የምትወስዱበትን መንገድ ሊለውጥ የሚገባው ነው።

መተንፈስ ጉልበት ያለው ሥራ ነው

አንድ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በቀን ሲሰላ ወደ 20 ሺህ ጊዜ ገደማ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሳንባ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይሰበሰባል። አየሩ ከጉሮሮ ተነስቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ደጋግመው በሚከፋፈሉ ቧንቧዎች ውስጥ ያልፋል። ከዋናው ቧንቧ እስከ መጨረሻዎቹ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ክፍፍሉ ወደ 23 ጊዜ ይደርሳል። ወደ ውስጥ በዘለቅን ቁጥር ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ሄደው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናሉ።

የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ እርስ በርሳቸው ተያይዘው በቆሙ ህዋሳት የተሸፈነ ነው። ይህ ስስ ሽፋን የቤት በር ነው ማለት ይቻላል፤ አቧራውን፣ ጀርሙንና ጭሱን ወደ ሥጋ እንዳይገባ ያግዳል። በላዩ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮችም ቆሻሻውን ከአክታ ጋር ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ቧንቧውን እንደ ቀለበት የከበበ ጡንቻ አለ።

መለጠጥና መሰብሰቡ በራሱ ጠላት አይደለም። እንዲያውም ጽንስ በእናቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ አየር ሳይኖር የመተንፈስ እንቅስቃሴ ያደርጋል፤ ሳንባው በደንብ የሚያድገውም በዚሁ እንቅስቃሴ ነው። ጉዳት የሚመጣው ጉልበቱ ከልኩ ሲያልፍ ነው።

ለዚህ አንድ ትልቅ ማስረጃ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ 861 በጽኑ የታመሙ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ግማሾቹ በወቅቱ የተለመደውን ብዙ አየር፣ ግማሾቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉን አየር በአንድ ትንፋሽ እንዲያገኙ ተደረገ። ብዙ አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶው ሲሞቱ፣ በትንሹ ከተሰጣቸው ግን የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ ነገር ግን ሲገፋ የሚያሳድረው ጉልበት ራሱ ሳንባን ያቆስል ነበር። እዚያ የተጎዱት በዋናነት ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ በአስም የሚጎዱት ደግሞ ቧንቧዎቹ ናቸው። በአስም ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሰው ጉልበትም መለጠጥ ሳይሆን ጭመቃ ነው።

ጡንቻው ሲጨመድድ

የአስም ሰው የአየር ቧንቧ ቁጡ ነው። ሌላው ሰው አስነጥሶ የሚያልፈው አቧራ፣ ጭስ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን እሱ ዘንድ ሲደርስ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ተጨማድዶ ይይዛል። ቧንቧው ይጠባል። እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ይጨክናል፤ የአንድ ቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየር ለማሳለፍ የሚገጥመው ተቃውሞ በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፣ ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። አስም የያዘው ሰው ትከሻውን እያነሳ፣ የአንገቱን ጅማት እየገተረ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው።

ሽፋኑስ ምን ይሆናል? የልብስ እጅጌን በጎማ አጥብቀው ሲያስሩት ጨርቁ እንደሚሸበሸበው ሁሉ፣ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋንም ይታጠፋል። በእጥፋቱ ውስጥ ያሉ ህዋሳት እርስ በርስ ይጨፋለቃሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በጆዲ ሮዘንብላት የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት በዚህ ጭፍለቃ ጊዜ የሚሆነውን አሳይቷል። በተለመደው ጊዜ ሽፋኑ ላይ ህዋሳት ሲበዙና ሲጠባበቡ ጥቂቶቹ ተገፍተው ይወጣሉ፣ ይሞታሉም፤ ይህ ሰውነት ቁጥራቸውን የሚያመጣጥንበት ጤናማ መንገድ ነው። ቧንቧው በአስም ሲጨማደድ ግን ህዋሳቱ ከመጠን በላይ ስለሚጨናነቁ በብዛት እየተፈነቀሉ ይወጣሉ። ሽፋኑ ይቦዳደሳል። በሩ ተከፍቶ ይቀራል። በዚያ ክፍተት አቧራውና ጀርሙ ይገባል፤ ሰውነቱ ይቆጣል፤ አክታ ይበዛል። የተቆጣ ቧንቧ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በትንሽ ምክንያት ይጨማደዳል። እንዲህ እያለ አንዱ ጥቃት ሌላውን ይወልዳል።

ይህ የታየው በአይጦችና ከሰዎች በተወሰደ የሳንባ ሥጋ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አዩ። የተጨማደደውን ቧንቧ ብዙዎቻችን በምናውቀው የማስተንፈሻ መድኃኒት፣ በሳልቡታሞል፣ ሲከፍቱት ቧንቧው ተከፈተ፤ የህዋሳቱ መፈንቀልና የሽፋኑ ጉዳት ግን አልቀረም። ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በአይጦቹ ላይ የህዋሳቱን መፈንቀል ሊያስቆም ችሏል፤ ለሰው አስም መድኃኒትነት ግን ገና አልደረሰም።

ታዲያ ጭመቃው ብቻውን፣ ያለ አለርጂ፣ በሰው ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል? ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ሐኪሞች ፈትነውታል። ቀላል አስም ያለባቸው 48 ፈቃደኞች በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን አለርጂ የሚቀሰቅስ የአቧራ ተባይ ቅንጣት፣ ሁለተኛው አለርጂ የሌለው ነገር ግን ቧንቧን የሚያጨማድድ ሜታኮሊን የተባለ ኬሚካል እንዲተነፍስ ተደረገ። ሦስተኛው የጨው ውሃ ብቻ፣ አራተኛው ደግሞ መጀመሪያ ሳልቡታሞል ከዚያ ሜታኮሊን ተሰጠው። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ከዚያ ከቧንቧቸው ናሙና ተወስዶ ሲታይ ቧንቧቸው የተጨማደደባቸው ሁለቱም ቡድኖች ከሽፋኑ ሥር ያለው የጠባሳ ንጣፍ ወፍሮ ተገኘ። አለርጂ ያልነካው ቡድንም ጭምር። አስቀድመው ሳልቡታሞል የወሰዱት ግን ቧንቧቸው ስላልተጨማደደ ንጣፉ አልወፈረባቸውም።

ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው ይመልከቷቸው። ከተጨማደደ በኋላ መክፈት ትንፋሽን ያድናል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሕይወት ነው። ከቁስሉ የሚያድነው ግን መጀመሪያውኑ እንዳይጨማደድ ማድረግ ነው። «ለቀቀኝ» ያለው ሰው የለቀቀው የጡንቻው ጭምደዳ ነው፤ ቁስሉ ገና ነው።

ከእጣን ዛፉ የምንማረው

መተማ የሰሊጥ ብቻ ሳይሆን የእጣን አገርም ነች። በበጋ ወራት እጣን ቀሚዎች የዛፉን ቅርፊት በትንሽ ስለት እየላጡ ያቆስሉታል፤ ዛፉ ቁስሉን ለመድፈን ሙጫ ያወጣል፤ ሲደርቅም ይለቀማል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሰው እዚያው ቁስል ላይ ይልጣሉ። በልክ ከተደረገና ዛፉ ዕረፍት ካገኘ ይችለዋል። ቁስሉ ከበዛና ከተደጋገመ ግን ዛፉ ይዳከማል፣ የሚያፈራው ዘርም በደንብ አይበቅልም። በእጣን ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለዛፉ ዕረፍት ይሰጠው የሚሉት ለዚህ ነው።

የአየር ቧንቧም ቢሆን ቁስሉን በአክታና በጠባሳ ይደፍናል። አንድ ጊዜ ቢሆን ይድናል። በየወቅቱ፣ በየሌሊቱ ሲደጋገም ግን ግድግዳው እየወፈረ፣ ጡንቻው እየደነደነ፣ መተላለፊያው እየጠበበ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በወጣትነቱ ፓፍ ሲወስድ ወዲያው ይከፈትለት የነበረ ሰው፣ በጎልማሳነቱ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አልሠራልህ ይለዋል። ብዙዎች «መድኃኒቱ ተለመደብኝ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው መድኃኒቱ ሳይሆን ቧንቧው ነው።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በአስም ሞተዋል። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው መድኃኒት በበቂ በማይገኝባቸው ዝቅተኛና ዝቅተኛ-መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችንም ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በ«ላንሴት» የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በጅማ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ከዙሪያው ገጠር ነዋሪዎች ይልቅ በአስም እንደሚጠቁ አሳይቶ ነበር።

የአስም መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ የሕክምናው ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ማስተንፈሻው ነው። ሳልቡታሞል፣ ብዙ ሰው ቬንቶሊን እያለ የሚጠራው፣ የተጨማደደውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያፍታታል። ቁጣውን ግን አያክምም።

ሁለተኛው ተከላካዩ ነው። ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በየቀኑ በትንሽ መጠን የሚማጉና የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው። ወዲያው ስሜት አይሰጡም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ያቆማቸዋል። ሥራቸው ግን የሚለካው ባልመጣው ጥቃት ነው። ሌሊቱን ተኝተው ካደሩ ሠርቷል።

ለአስም ዓለም አቀፍ መመሪያ የሚያዘጋጀው ጂና የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አቋሙን ቀይሯል። አዋቂዎችና በአፍላ ዕድሜ ያሉ ልጆች በማስተንፈሻ ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም፤ አስሙ ቀላል ቢሆን እንኳ ተከላካይ መድኃኒት ያለበት ሕክምና ሊያገኙ ይገባል ይላል። ሁለቱን በአንድ ፓፍ የያዙ መድኃኒቶችም አሉ። በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ተቋም የትኛው እንደሚገኝ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ፓፍ ሱስ አያስይዝም። በየቀኑ መወሰዱ ሱስ ሆኖ ሳይሆን በሽታው በየቀኑ ስላለ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ እንደሚወሰደው ማለት ነው። የሚማግ መድኃኒት በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ከክኒን በጣም ባነሰ መጠን ይሠራል። ተከላካዩን ከወሰዱ በኋላ አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ ይህ አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስ ይከላከላል። ማስተንፈሻውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከፈለጉት ወይም ሌሊት እየነቁ ከሆነ አስምዎ በቁጥጥር ሥር አይደለም ማለት ነውና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ

ፓፉ በቀጥታ አፍ ላይ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለሕፃናትማ ትንፋሻቸውን ከፓፉ ጋር ማስተካከል ከባድ ነው። ለዚህ የሚረዳ መሃል ላይ የሚገባ ዕቃ አለ፤ ከፋርማሲ ካጡት ግን በቤትዎ ሊሠሩት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕታውን በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በደንብ ተገጥሞ የተሠራው ዕቃ በገንዘብ ከሚገዛው ጋር እኩል እንደሚያገለግል አረጋግጧል። በፎም ስኒ የተሠራው ግን ደካማ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ንጹሕ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ይውሰዱ። ሽቦ አግለው የፓፉን አፍ መጠንና ቅርፅ በጠርሙሱ ቂጥ ላይ ይቅደዱ። ፓፉን ያስገቡና አየር እንዳያወጣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ይድፈኑ። ከመጠቀምዎ በፊት በዕቃ ሳሙና አጥበው በጨርቅ ሳይጠርጉ በአየር ያድርቁት። ከዚያ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ ፓፉን አንዴ ይጫኑ፤ ልጁ ረጋ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ ይተንፍስ። ሁለተኛ ፓፍ ካስፈለገ እንደገና አንዴ ብቻ ይጫኑ።

የቆላ ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ። በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ፓፍ ግፊት ያለው ጣሳ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በታች ቢቀመጥ ይመረጣል። በመኪና መስታወት ሥር፣ በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ በሚመታው ኪስ ውስጥ አያስቀምጡት። የቤቱን ቀዝቃዛ ጥግ፣ ለምሳሌ የውሃ እንስራው የሚቀመጥበትን አካባቢ ይምረጡለት፤ ውሃ እንዳይነካው ግን በላስቲክ ይጠቅልሉት።

ጥቃቱን ከምንጩ መቀነስ

ማሳ ላይ ከሆኑ፦ አስም ያለበት ሰው ነዶ ከሚገለበጥበትና ሰሊጥ ከሚዘራበት ሥራ ይልቅ አጨዳ ወይም ነዶ ማሰር ቢሰጠው ይሻላል። ባለሀብቶችና አሠሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ምንም ወጪ የለውም። ማራገፍ ግድ ከሆነ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መቆም፣ ኤን 95 የተባለውን ጭምብል ማድረግ ይጠቅማል። ሻሽ ወይም ነጠላ ትልልቁን አቧራ ይይዛል እንጂ ደቃቁን አያቆምም። ወደ ቆላ ከመውረድዎ በፊት፣ ገና በነሐሴ፣ ተከላካይ መድኃኒቱን ጀምረውና ለወቅቱ የሚበቃ ፓፍ ይዘው ይውረዱ። ማሳ ከገቡ በኋላ ፋርማሲ መፈለግ ዘግይቷል።

ቤት ውስጥ ከሆኑ፦ እንጀራ የሚጋገርበት ጭስ በእናቶችና በጀርባቸው ባዘሏቸው ሕፃናት ሳንባ ላይ ይበረታል። ማብሰያውን ከመኝታ ይለዩ፤ ጭስ ማውጫ ያብጁ፤ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። ከተቻለ ጭስ ቆጣቢ ምድጃ ይጠቀሙ። ሕፃኑን በማገዶው ሰዓት ለሌላ ሰው ይስጡ።

ቡና ሲፈላስ? እጣን የሌለው ቡና ለብዙዎቻችን ጎደሎ ነው፤ የመተማ ሰው ደግሞ እጣኑ ከደጁ ነው። ነገር ግን መዓዛው ደስ ቢልም ጭስ ጭስ ነው። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ማጨሻውን በረንዳ ላይ አድርገው መዓዛው በመስኮት ይግባ፤ እጣኑን ይቀንሱ፤ ወይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ያጭሱ። እንግዳ ቅር አይለውም፤ «ልጃችን አስም አለበት» ማለት ነውር አይደለም።

ሳልም ጉልበት ነው

አንድ ጠንካራ ሳል በደረት ውስጥ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚደርስ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። የደም ግፊትዎ ሲለካ የሚሰሙት የላይኛው ጤናማ ቁጥር 120 ገደማ መሆኑን ያስቡ። ለሳምንታት የዘለቀ ሳል ጉሮሮን ያስቆጣል፣ ድምፅን ያጎረንናል፣ አንዳንዴ የጎድን አጥንት እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ስለዚህ «ሳል ብቻ ነው» ብለው አይተውት።

በአካባቢያችን ልጅ ሳል ሲበዛበት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ለባህላዊ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ማስቆረጥ አስምን አያድንም፤ አስም ያለው ከጉሮሮ በታች ባሉት ቧንቧዎች ውስጥ ነው። ይልቁንም ደም ሊያፈስ፣ ሊመረቅዝ፣ በስለቱም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ልጁ ሌሊት የሚያስል፣ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ የሚያፍነው ከሆነ አስምን ይጠርጥሩ። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላልና። ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚያድርባቸው የሠራተኛ መጠለያዎች ይህ ይበልጥ ይመለከታል።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

የሚከተሉትን ካዩ ጠዋትን አይጠብቁ፦ ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ካቃተው፤ ልጁ ሲተነፍስ በጎድኖቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከገባ፤ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ፤ ከደከመና ካንቀላፋ፤ ወይም ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት በድንገት ዝም ካለ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል። የተሻለው ይመስላል፤ ግን አየር ማለፍ አቁሞ ሊሆን ይችላል።

በመንገድ ላይ ሳሉ ሰውየውን አያስተኙት። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ ልብሱን ያላሉለት፣ አጠገቡ ሰው አይከማች። ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ በኩል ከ4 እስከ 10 ፓፍ አንድ በአንድ ይስጡት፤ ካልተሻለው በመጀመሪያው ሰዓት በየ20 ደቂቃው ይደገማል። ይህ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ሕክምናውን አይተካም። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ከተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከማሳ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድም በዝናብ ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ፣ የሚወስድዎትን መኪናና የሾፌሩን ስልክ ሰላም ሳሉ ይወቁ።

ከሰሊጥ በፊት

ገበሬው ማጭዱን የሚስለው ሰሊጡ ከመድረሱ በፊት ነው። አስም ያለበት ቤተሰብም እንዲሁ ያድርግ። በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ያለውን ፓፍ ያውጡና ይመልከቱ፦ ማስተንፈሻ ነው ወይስ ተከላካይ? ጊዜው አልፏል? ስንት ቀርቷል? በቤቱ ያለው ማስተንፈሻ ብቻ ከሆነ፣ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው «ተከላካይ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደረትዎ የተከፈተበትን ቀን ለዚህ ይጠቀሙበት፤ የተጨማደደ ዕለት ጥያቄ ለመጠየቅ ትንፋሽ አይተርፍም።

መልካም የአጨዳ ወቅት፣ ጤና ይስጥልን።